ከፍሎሪዳ በፊት ጤና ጣቢያ፦ የሰፈራችን ክትባት ክፍል እንዴት አስተናገደን

ሲስተሯ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና የትንሿን ልጄን የክትባት ካርድ ገለጡት። ካርዱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ተቀዷል። በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረደ። ቢሲጂ አለ። ፖሊዮ አለ። ፔንታ ሦስቱም አሉ። የኩፍኝ አንደኛው፣ መጋቢት 2015፣ አለ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺስ የታለች?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ሦስት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በአሥራ አምስት ወሯ መውሰድ ነበረባት። እኔ ሁሉንም የጨረሰች መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ነው። ነገሩ አሜሪካ ድረስ ስለሚሄድ ትንሽ ታገሡኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ በመጪው ጥር ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል። ሴቷ ያቺ ካርዷ የተቀደደው ናት። ወንድሜ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ክረምት ደወለና «ለመጪው ሐምሌ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ ዲዝኒ ወርልድ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ልጆቹ ሰሙ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ የለም።

ዲዝኒ ወርልድ ትልቅ የመዝናኛ መናፈሻ ነው። እዚያ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ክፍል ውስጥ ስፔስ ማውንቴን የሚሉት በጨለማ የሚከንፍ ባቡር አለ። ቁመቱ 112 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ አይሳፈርም። ልጄ ይህን ከአጎቱ ከሰማ ጀምሮ የስፌት ሜትሬ ከማሽኑ ጎን ይጠፋል። ስፈልገው በሩ መቃን ላይ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። 126 ደርሷል፤ ካለፈው ቆይቷል። ግን አሁንም ይለካል። እህቱንም አቁሞ ይለካታል። እሷ ገና 95 ናት፤ «አንቺ ከእማዬ ጋር ትጠብቂኛለሽ» ይላታል። ታለቅሳለች።

ጉዞው እንደታሰበ እርግጠኛ የሆነ ነገር የለም። የቪዛ ቀጠሯችን ገና ነው። ቢሆንም ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል። እኔም ዝግጅቴን የጀመርኩት በክትባት ነው። ምክንያቱ ወንድሜ የነገረኝ ዜና ነበር።

ነሐሴ 28 ቀን 2017፣ በነሱ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025፣ የፍሎሪዳ የጤና ኃላፊ ጆሴፍ ላዳፖ ከአገረ ገዢው ከሮን ዴሳንቲስ ጋር ሆነው አንድ ነገር አስታወቁ። በግዛቲቱ ያሉ የክትባት ግዴታዎችን በሙሉ እናነሳለን አሉ። እስካሁን እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የክትባት ወረቀት ያሳያል። ያንን ነው ሊያስቀሩ ያሰቡት። ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ የሚቀር አይደለም። የሄፓታይተስ ቢን (የጉበት በሽታ)፣ የቺክንፖክስን (ሽፍታ የሚያወጣ ሌላ በሽታ)፣ የሂብን እና የኒሞኮካልን (ሁለቱም ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጡ) ክትባት ጤና መሥሪያ ቤቱ በራሱ መመሪያ ከግዴታ ሊያወጣ ይችላል። ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ትክትክ፣ ዘጊ አናዳና መንጋጋ ቆልፍ ግን በሕግ የተጻፉ ናቸው። እነሱን መሻር የሚችለው የግዛቲቱ ምክር ቤት ነው።

ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ልክ አልነበረም። ትልቋ ልጁ ትምህርት ቤት ጀምራለች። ባለቤቱ ደግሞ መስከረም ላይ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ነበር። በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው። ሒሳቡን ሥሩ። እኛ ሐምሌ ላይ ስንደርስ ሕፃኑ አሥር ወሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው የሚጀመረው ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ በኛ ጉብኝት ጊዜ ራሱን የሚከላከልበት ነገር የለውም። የሚተማመነው ዙሪያው ባለው ሰው ነው። ዙሪያው ያለው ሰው ደግሞ እኛ ነን፤ በዲዝኒም ሰልፉ ውስጥ የቆመው ሁሉ።

ስለ ሰልፉ ያሳሰበኝ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ባለው ዲዝኒላንድ ኩፍኝ ተነሥቶ ነበር። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ሌላ ነው፤ ኩፍኙ የተነሣበት አናሃይም ያለው የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 147 ሰው ያዘ። ካናዳና ሜክሲኮም ደረሰ። በሽታውን መጀመሪያ ማን እንዳመጣው እስከ መጨረሻው አልታወቀም። አሜሪካ እኮ እ.ኤ.አ. በ2000 ኩፍኝን አጥፍቻለሁ ብላ ነበር። በ2019 ግን 1,274 ሰው ታመመባት። በ2025 ደግሞ ገና ሐምሌ ሳይጋመስ ያንን ቁጥር አለፈች።

ኩፍኝ የያዘው ሰው ካሳለና ከወጣ በኋላ ቫይረሱ በዚያ ክፍል አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ክትባት ካልወሰዱ አሥር ሰዎች ዘጠኙን ይይዛል። የበሽተኛው ሽፍታ ሳይወጣ አራት ቀን አስቀድሞ ነው መተላለፍ የሚጀምረው። እናት «ጉንፋን ነው» ብላ ልጇን ይዛ ትወጣለች። አትፈረድባትም። እንግዲህ የተዘጋ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት የሚያስቆም ሰልፍ አስቡት፤ ከየአገሩ የመጣ ልጅ የሞላበት።

በዚህ ሁሉ መሃል የገረመኝ፣ መናፈሻው ለጎብኚ የክትባት ወረቀት አይጠይቅም። የጉብኝት ቪዛም አይጠይቅም። ሠፈራችን ውስጥ በዚህ ላይ ብዙ ግራ መጋባት አለ። ዲቪ የደረሳት ጎረቤቴ «ያለ ክትባት አያስገቡሽም» አለችኝ። እሷ ልክ ናት፤ ለራሷ። ለመኖር የሚሄድ ሰው የሕክምና ምርመራው ላይ ክትባቱ ይታያል። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ግን ያንን አያልፍም። የኮሮና ክትባት ማስረጃም ከግንቦት 2015 ወዲህ ለሚበር መንገደኛ ቀርቷል። ስለዚህ የሐምሌ ጉዟችን ላይ ማንም «ካርድሽን አሳዪ» አይለኝም። ፍሎሪዳ ሕጓን ብትቀይርም ባትቀይርም በሩ ላይ ለኔ ምንም አይለወጥም። የሚለወጠው ከልጄ አጠገብ የሚሰለፈው ልጅ መከተቡና አለመከተቡ ነው። እሱን ደግሞ እኔ ማወቅ አልችልም። የኔን ልጅ ክንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ወደ ጤና ጣቢያው ከመሄዴ በፊት አንድ የጉዞ ቢሮ ገብቼ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ስለ ትኬት ዋጋ ልጠይቅ ነው የገባሁት። የቢሮው ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ አቀረበልኝ። ከዚያ «እህቴ፣ አሜሪካ ያለ ቢጫ ካርድ አያስገባም፤ ለሦስታችሁም ያስፈልጋል» አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ማለቱ ነው። ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ደነገጥኩ። «መርፌው ለልጆቹ ከከበደ ግዴለም፤ ወረቀቱን ብቻ እናሠራልሻለን» አለኝ። ዋጋም ጠራ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ውኃውን እንኳ አልጨረስኩትም።

ቤት ገብቼ ከወንድሜ ጋር አጣራን። አሜሪካ ከማንም መንገደኛ የቢጫ ወባ ካርድ አትጠይቅም። ካርዱን የሚጠይቁ ሌሎች አገሮች አሉ፤ ለነሱ የሚሄድ በትክክል ተከትቦ ይያዝ። ክትባቱ በተወሰደ በአሥረኛው ቀን ካርዱ መሥራት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በየአሥር ዓመቱ ማሳደስ ቀርቷል። ማንም «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ብር እንዳይቀበላችሁ። በተረፈ ግን ልቤን ያሳዘነው ብሩ አይደለም። ልጄን ሳይከትብ ተከትባለች የሚል ወረቀት ሊሰጠኝ መፍቀዱ ነው። እናት እኮ ወረቀቱን አምና ልትተኛ ትችላለች።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው።

የሄድኩት ማክሰኞ ነው። ክትባት ማክሰኞና ሐሙስ ነው የሚሰጠው። 2:30 ላይ ደረስን። ግቢው ንጹሕ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። እናቶቹ ከሥሩ ነው የሚቀመጡት፤ አግዳሚው ሁለት ብቻ ነው። አሥራ አንድ እናት ቆጠርኩ። ግማሾቻችን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ይህን ማስተካከል የሚከብድ አይመስለኝም። የአንድ ወር አራስ ታቅፋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅ አይቼ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። ቁጥር የሚሰጥ ሰው የለም። ማን ቀድሞ እንደመጣ እናቶቹ ራሳቸው ይዘዋል። «ከአንቺ በፊት ያቺ ናት» ይባባላሉ። ጭቅጭቅ ግን አላየሁም።

የመታጠቢያው ቧንቧ ውኃ አልነበረውም። በጀሪካን አስቀምጠዋል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሚዛን፣ ጥግ ላይ በረዶ ያለበት ሰማያዊ ሳጥን። ሲስተሯ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ይመስሉኛል። ገና ሳንቀመጥ ልጄን «ነይ የኔ እመቤት፣ ስምሽ ማነው?» አሏት። ከዚያ ካርዱን ጠየቁኝ። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «ካርዱን» ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። እስቲ ከዚያ ቢሮ ጋር አስተያዩት።

ባዶውን ቦታ ሲያሳዩኝ አስታወስኩ። አሥራ አምስት ወሯ የሞላው መስከረም 2016 ነው። ያን ጊዜ ሜጫ፣ እናቴ ቤተሰብ ጋር ነበርን። መንገድ ተዘጋ። ኢንተርኔት ጠፋ። ለሳምንት የሄድን ሰዎች ከሁለት ወር በላይ ተቀመጥን። ስንመለስ ሥራው፣ የቤት ኪራዩ፣ የትልቁ ልጅ ትምህርት ተደራርቦ ክትባቱ ከራሴ ወጣ። ይህንን ለሲስተሯ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «አንቺ ብቻ መሰለሽ? በዚያ ዓመት የወለዱ ሁሉ እንዲህ ባዶ ይዘው ይመጣሉ። ዋናው መምጣትሽ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት።

ከዚያ ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ከመቶ ልጅ ለሰማንያ አምስት ያህሉ ነው መከላከያ የሚሰጠው። አሥራ አምስቱ ተከትበው ያልተከተቡ ያህል ናቸው፤ በዓይን ስለማይለዩ ነው ለሁሉም ሁለተኛ የሚሰጠው። ሁለቱን የወሰደ ልጅ ላይ መከላከያው ከመቶ ዘጠና ሰባት አካባቢ ይደርሳል። «ታዲያ ልጅሽ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም።

ወዲያው ግን አልወጓትም። «ትንሽ ጠብቂ፤ ሰው ልሰብስብ» አሉ። የኩፍኙ ክትባት ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በማሟሟያ ይበጠበጣል። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቀመጥም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ብሎ መክፈት ይከብዳቸዋል። ያን ዕለት የኩፍኝ ተራ የደረሳቸው አራት ልጆች ነበርን። ሲስተሯ ስልካቸውን አወጡና ከመዝገባቸው እያዩ ለሦስት እናቶች ደወሉ። በገዛ የስልክ ሒሳባቸው። ሁለቱ በባጃጅ መጡ። በስድስት ልጅ ከፈቱት። ሌላ ቦታ «ሰው ስላልሞላ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ የተመለሰች ጓደኛ አለችኝ። አልተመለሰችም። እኔ እንደዚያ ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ብልቃጡን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ነገር አሳዩኝ። ክዳኑ ላይ ትንሽዬ ክብ አለች፤ በክቧ ውስጥ አራት ማዕዘን። ክቧ ወይን ጠጅ መሰል ናት። አራት ማዕዘኗ ነጣ ያለች። ክትባቱ ሙቀት ካገኘው አራት ማዕዘኗ እየጠቆረች ትሄዳለች። ከክቧ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነች ክትባቱ አይሰጥም፤ ይጣላል። «አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል? ቀለም ታውቂያለሽ። እስቲ እይው» አሉኝ። ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ፤ ክር ስመርጥ እንደማደርገው። ውስጧ ጥርት ያለ ፈዛዛ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የፍሪጅ ነገር ስጋቴ ነበር። ያቺን አራት ማዕዘን ካየሁ በኋላ ስጋቴ ቀረ። እናቶች፣ ጠይቁና እዩ። አይከለክሏችሁም።

መርፌው አንዴ ከተወጋበት ራሱን የሚቆልፍ ነው። ከወጉ በኋላ ቀጥታ ወደ ካርቶኑ ጣሉት። ልጄ አንዴ ጮኸች። ከዚያ ክንዷን እያየች ዝም አለች። ሲስተሯ ቀኑን ካርዱ ላይ ጻፉ፤ በትልቁ መዝገብም ጻፉ። ያቺ ባዶ ቦታ ሞላች። የቫይታሚን ኤ ጠብታም ሰጧት። ግማሽ ሰዓት ግቢው ውስጥ አስቆዩን። ሁሉም ነፃ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም።

«ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢመጣ አትደንግጪ» ብለውኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ማታ ልጅቷ ጋለች። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጠኋት። አብሬያት አደርኩ። ሲነጋ ድና አሣ ጎላሽ አምሮኛል አለች። ባልነገሩኝ ኖሮ ሌሊቱን ሆስፒታል ነበርኩ።

ቅሬታዬ አግዳሚው፣ ውኃውና የወንዱ ልጄ ጉዳይ ነው። እሱ የተወለደው ጥር 2009 ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአገራችን መደበኛ የሆነው በ2011 ነው፤ ስለዚህ እሱ አሥራ አምስት ወሩ ሲሞላ ጭራሽ አልነበረም። ሁለተኛውን ያገኘው በ2012 ክረምት፣ በኮሮናው ጊዜ በተደረገው ዘመቻ ነው። አስታውሳለሁ፤ ጣቱን ቀለም ቀብተውት እስኪለቅ ድረስ ሲያሳይ ከረመ። ካርዱ ላይ ግን የጻፈው የለም። ሲስተሯ «አንቺ ካየሽ ወስዷል፤ እኔ ግን ያላየሁትን አልጽፍም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሳይከትብ ወረቀት ሊሸጥልኝ ከነበረው ልጅ ቀጥሎ ይህን መስማቴ ደስ አሰኘኝ። ግን ዘመቻ ሲደረግ ካርድ ይዛ ለመጣች እናት አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብድ ነበር? አንድ ተጨማሪ ቢወስድ እንደማይጎዳው ነግረውኛል። በዕድሜው ግን ከነሱ ክፍል አልፏል። የግል የሕፃናት ክሊኒክ እያጠያየቅሁ ነው። እሱን ገና አልጨረስኩም።

ለምን እንዲህ እንደምሟገት እናቴ ታውቃለች። ከእኔ በፊት የወለደቻት ልጅ ነበረች። በ1968 ኩፍኝ ገባ። ያን ጊዜ የክትባት ፕሮግራሙ አገራችን አልተጀመረም፤ የተጀመረው በ1972 ነው። እናቴ ሕፃኗን ጨለማ ክፍል አስተኛቻት። ብርሃን አይመታት ብላ መስኮቱን በነጠላ ጋረደችው። አያቴ ቡና ሲያፈሉ ሰነበቱ። ልጅቷ በስድስተኛው ቀን ሞተች። እናቴ እስከ ዛሬ ያቺን ነጠላ አልለበሰችውም፤ አልጣለችውም። ሳጥኗ ውስጥ አለ። ፍሎሪዳ ስላለው ነገር ስነግራት ጥያቄዋ አንድ ነበር። «መርፌው እያለ?» አለች።

እንግዲህ የጉዞ ዕቅዳችን ተለውጧል። መጀመሪያ የታሰበው ሐምሌ ላይ አራት ቀን፣ ሁላችን አንድ ላይ፣ ሕፃኑም በጋሪው ነበር። አሁን የወንድሜ ባለቤት ከሕፃኑ ጋር ቤት ትቀራለች። እሷ ራሷ ናት ያለችው። መናፈሻው ሁለት ቀን ብቻ ይሆናል። ትኬቱን አስቀድመን አንገዛም። የዲዝኒ ወርልድ ትኬት በቀን ተለይቶ ነው የሚሸጠው፤ ገንዘብ አይመልሱም፤ ያልተጠቀምንበትን ቀኑን ማስቀየር ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ርካሹ ቀን ለአዋቂ ከ119 ዶላር ነበር የሚጀምረው። ወንድሜ ከፋይ ቢሆንም ብሩ የቤተሰብ ብር ነው። ወንዱ ልጄ አሥር ስላልሞላው፣ ሴቷም ሦስት ስላለፋት ሁለቱም በልጅ ዋጋ ይገባሉ። ሦስት ያልሞላው ነፃ ነው።

ያን ሰሞን በአካባቢው ኩፍኝ ተነሣ ከተባለ ደግሞ የተዘጋውን ሰልፍ ትተን ልጆቹን ወደ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል እንወስዳቸዋለን። እዚያም ሰው አለ፤ ግን ቦታው ሰፊ ነው። ልጄ ሮኬት ሲባል ስፔስ ማውንቴኑን ለጊዜው ረስቶታል። ሜትሬ ሁለት ቀን ሙሉ ቦታው ነበር።

በእኛ በኩል ያለውን ግን አጥብቄ ይዣለሁ። ክትባት እንደተወሰደ ወዲያው አይሠራም፤ ሰውነት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ትንሿ ካሁኑ ጨርሳለች። የወንዱን ከትንሣኤ በፊት እጨርሳለሁ ብዬ ለወንድሜ ቃል ገብቻለሁ። ኩፍኝ እኛ አገር በየጊዜው ይነሣል። ከዚህ ይዘን ሄደን ያንን የአሥር ወር ልጅ ብናስይዘው ፊቴን የት አደርሰዋለሁ? ፍራቻዬ ከዚያ ወደኛ ብቻ ሳይሆን ከኛ ወደዚያም ነው።

ለጤና ጣቢያው ክትባት ክፍል ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ለአግዳሚውና ለውኃው ነው፤ ሲስተሯን አይመለከትም። ለመሄድ ያሰባችሁ ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከ6:30 እስከ 7:30 ምሳ ነው። ካርዱን ያዙ፤ ከጠፋባችሁም ሳታፍሩ ሂዱ፣ ከመዝገብ ይፈልጉላችኋል። የምትቀመጡበት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ዓመት አለፈ ብላችሁም አትቅሩ፤ እኔ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነው የሄድኩት።

ስንወጣ ሲስተሯ በር ድረስ መጡና «ግቢሽ ውስጥ ስንት ልጅ አለ?» አሉኝ። አምስት ተከራይ ነን። ያን ማታ የሁሉንም ካርድ አየሁ። አንዷ ጎረቤቴ ጋ የአሥራ ሰባት ወር ልጅ አለ። የሱም ያቺ ቦታ ባዶ ናት። እናቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው፤ ቀን አይመቻትም። ሐሙስ ጠዋት እኔ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት እሄዳለሁ። ከመንደሩ ሌሎች ሦስት ልጆችም አግኝተናል። አራት ሆነናል። የዕለቱ ባለ ተራዎች ሲጨመሩበት ሲስተሯ ብልቃጡን ለመክፈት ስልክ መደወል ላያስፈልጋቸው ይችላል።